የተኛ በረዶ

ነዳጅ ማደያ ገብቼ ከበሩ አጠገብ ካለው ፍሪዘር አንድ ከረጢት በረዶ ሳወጣ፣ ቅዝቃዜው መዳፌን ሲቆነጥጠኝ፣ ኢስት ፖይንት ከተማ አብሮኝ የኖረው ደባሌ ትዝ ይለኛል።

ያኔ በሰው አገር፣ ኤርፖርት ሻንጣ እንጭን ነበር። እሱ መቀመጥ አይሆንለትም። አንድ ቀን መንገደኛ ጥሎት በሄደ መጽሔት ላይ የሩዌንዞሪን ተራራ አየ፤ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር፣ ምድር ወገብ ላይ ሆኖ ጫፉ በረዶ የለበሰ። "እየቀለጠ ነው እኮ! ሳያልቅ ካልደረስኩበት!" አለ። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣን። ከሥራ ሲወጣ የሩዝ ከረጢት በጀርባው አዝሎ፣ የአውሮፕላን ነዳጅ በሚሸተው የፓርኪንግ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። የፓርኪንጉ ጥበቃ፣ ያገራችን ሽማግሌ፣ "አንተ ልጅ፣ ሊፍቱ ተበላሸ እንዴ?" ይሉት ነበር። ወዳጆቹ ሁሉ "አትሂድ" ስላሉት እኔ "ሂድ" አልኩት። ሰው እንቢ ያለውን እሺ ማለት ጠባዬ ነው። ተራራ የማውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ በመጽሐፍ ደግሞ ዳገት አያደክምም።

የቀረው የእናቱ ምርቃት ብቻ ነበር። ሳትመርቀው ንቅንቅ አይልም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

"እማዬ፣ በረዶ ያለበት ተራራ ልወጣ ነው፤ መርቂኝ።"

ከወዲያ ማዶ ዶሮ ጮኸ።

"በረዶ? ስንዴያችንን የጨረሰው በረዶ? አንተን ደግሞ ሊቀጠቅጥህ?"

"ይሄኛው አይዘንብም! አንተ ንገራት እንጂ!" ብሎ ስልኩን ወደ እኔ ገፋው።

አንባቢው እኔ ነኛ! ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "እማማ፣ ይኼ ከሰማይ የሚወርደው አይደለም። ድሮ ወርዶ እዚያው ተራራው ላይ የተኛ ነው" አልኳቸው።



"ከተኛማ ምን ብላችሁ ትቀሰቅሱታላችሁ? ተዉት፣ ይተኛበት።"

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። "እሺ እማዬ፣ ለከርሞ" አለ። ሩዙን ቀቅለን በላነው።

ከርሞ ሌላ ከርሞ እየወለደ ሄደ። በየዓመቱ ይጠይቃቸዋል፤ በየዓመቱ "እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም" ይሉታል። ስልኩን ዘግቶ እየተነጫነጨ ሳሎኑን ሲዞር የእግሩ ኮቴ እስከ መኝታ ቤቴ ይሰማኝ ነበር።

በኋላ ራቅ ብሎ ሊልበርን የሚባል ከተማ ቤት ገዛ። እናቱ ሲያርፉ ለቅሶ ሄጄ፣ ሰው እስኪቀንስ ጠብቄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ማጽናናት አልችልበትም።

"በረዶው ገና አላለቀም አሉ" አልኩት። "እስቲ አሁን ሂድ።"

ራሱን እየነቀነቀ ቀና አለ።

"አሁንማ" አለኝ፣ "አትሂድ የሚለኝ ማን አለ?"