በርሜል ሙሉ ባሕር

ሥራ የጀመርሁ ዕለት በሩን ሳላንኳኳ ብዙ ቆሜያለሁ። በኬሚስትሪ ተመርቄ ወራት ያለ ሥራ ተቀምጬ ነበር። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ፣ «ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ አንዲት ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴት ውሃ የሚለካላቸው ሰው ይፈልጋሉ» ስትለኝ የታሸገ ውሃ ማምረቻ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ግን መኖሪያ ቤት ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳውን ተጠግቶ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ቆሟል። ባዶ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሰናይት መስታወቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «ይኼን ማጽዳት አውቅበታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሳጸዳ ኖሬያለሁ» አሉኝ። «የምሠራበት ቤት የባሕር ዓሣ ነበር። ውሃውን የሚበጠብጥ ሰው በየሳምንቱ ይመጣል። እኔን በርሜሉ አጠገብ አያስቆመኝም። ‹አንቺ መስታወቱን ወልውይ› ይለኛል። አሁን የራሴን ባሕር እፈልጋለሁ። ትሠሪልኛለሽ?»

«እሞክራለሁ» አልሁ። ድምፄ ስላልተሰማ ደግሜ አልሁት።

አባቴ አንበሳሜ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ደውዬ ሥራዬን ስነግራቸው፣ «ውሃ ውስጥ ጨው ለመጨመር ነው አራት ዓመት የተማርሽው? እናትሽ ሳትማር ወጥ ላይ ስትጨምር ኖራለች» ብለው ሳቁብኝ።

የመጀመሪያው በርሜል ተበላሸብኝ። የባሕሩን ጨው መጀመሪያ በርሜሉ ውስጥ ገልብጬ ውሃውን በላዩ አፈሰስሁበት። ገና ግማሽ ሳይደርስ ነጭ ሆነ። ማዞሪያውን ፓምፕ ከትቼ አንድ ቀን ሙሉ ባስዞረውም አልጠራም፤ ከሥሩም እንደ ኖራ የደረቀ ነገር ተጋገረ። የእትዬ ሰናይት እናት እማማ የሺ በትራቸውን ተደግፈው በርሜሉን አጎንብሰው አዩና፣ «ባሕር የምትሉት ይኼ ነው? እኛ አሬራ ነው የምንለው» አሉ።

እትዬ ሰናይት አልተቆጡም። «ያ ሰውዬ ውሃውን አስቀድሞ ነበር ጨውን ቀስ እያለ የሚበትነው። በሩቁ አይቼዋለሁ። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አፍሬ ነው።»

«እፍረትሽ አንድ ከረጢት ጨው በላ» አሉኝ። ጨዉ የሚመጣው ከአዲስ አበባ በትእዛዝ ነው፤ ሌላ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ጠበቅን።

ከዚያ ወዲያ ሥራውን በሥርዓት ያዝሁት። የቧንቧ ውሃ በሚመጣበት ቀን ሮቶውን እሞላለሁ። በክረምት ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ጭቃው እስኪዘቅጥ አሳድረዋለሁ፤ ከዚያ በማጣሪያው አሳልፈዋለሁ። ከማጣሪያው አፍ ላይ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር በምትለካው ትንሿ መለኪያ ስነካው ዜሮ ማሳየት አለበት። በርሜሉ ሲሞላ ፓምፑን አስነሣለሁ፣ ማሞቂያውን እከታለሁ፤ ሙቀቱ ሃያ አምስት ዲግሪ ሲደርስ ጨውን በእፍኝ እበትናለሁ። አንዱ እፍኝ ሳይሟሟ ሌላውን አልጨምርም። ከፍታችን ላይ ውሃ የሚይዘው አየር ስለሚያንስ አየር መንፊያውን እስክቀዳ ድረስ አላጠፋም። አንድ ቀን ሙሉ ይዞራል። በማግስቱ ሪፍራክቶሜትር የሚባለውን ጨው መለኪያ መነጽር አውጥቼ አንድ ጠብታ አኖርበታለሁ። ሠላሳ አምስት ላይ መቆም አለበት፤ የባሕር ልክ እሱ ነው።

የጥራቱን ነገር ደግሞ የምፈትንበት የራሴ ዘዴ ነበረኝ። መሐሉ ላይ አበባ የተሳለበት አሮጌ የብረት ሳህን በርሜሉ ሥር አስቀምጣለሁ። የአበባው ቅጠል አንድ በአንድ ከተቆጠረልኝ ውሃው ጠርቷል።

ሁለቱ ዓሦች በአውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር ደረሱ። ብርቱካንማ ናቸው፤ ሰውነታቸው ላይ ነጭ መቀነት አላቸው። የመጡበትን ከረጢት ገንዳው ላይ አንሳፍፌ፣ የእኔን ውሃ በትንሽ በትንሹ አለማመድኋቸው። ስለቃቸው ትንሹ ዓሣ ድንጋይ ሥር ገብቶ ተደበቀ፤ ትልቋ ግን ገንዳውን ዞራ መጥታ ከእኔ ፊት ለፊት ቆመች። እኔ በእጄ የበጠበጥሁትን ውሃ ነበር የምትተነፍሰው። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ነው የሄድሁት፤ ቶሎ መድረስ አልፈለግሁም።

አባቴም አንድ ቀን ለገበያ መጥተው አዩ። ጣታቸውን በርሜሉ ውስጥ ነክረው ቀመሱ። «እውነትም አይጠጣም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ እናቴ ወጥ አላነሡም።

አሁን የማወራው በሁለተኛው ዓመት ስለመጣው ቡሄ ነው። ለቡሄ ከእትዬ ሰናይት ጋር ዓረብ አገር የሠሩ ሴቶች ከየከተማው ሊመጡ ተቀጣጥረዋል። «እነሱም እንደኔ የሰው መስታወት ሲወለውሉ የኖሩ ናቸው። የራሴን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ጥርት ያለ ይሁን» አሉኝ። እኔም ከወትሮው የሚበልጥ፣ የገንዳውን ሩብ ያህል ውሃ ልቀይር አሰብሁ።

ከዋዜማው ቀደም ብሎ ባለው ቀን ስደርስ ግቢው በጭስ ታፍኗል። እማማ የሺ የጠላ ጋኖቻቸውን አሳጥበው በወይራ እያጠኑ ነበር። በርሜሌ አጥሩ ሥር ተደፍቶ አገኘሁት፤ እርጥብ ነው፣ ንጹሕ ነው። ማን እንዳጠበው አልጠየቅሁም። በርሜሉን የማጥበው እኔ ነበርሁ፤ ያን ቀን ግን እማማ የሺ ከሴቶቹ ጋር ሥራ ላይ ስለነበሩ ጣልቃ መግባት አፈርሁ። ወስጄ ሞላሁት፣ አሞቅሁት፣ ጨውን በትኜ ከደንሁት።

በዋዜማው ጠዋት ክዳኑን አነሣሁ። የሳህኑ አበባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መለኪያው ሠላሳ አምስት፣ ሙቀቱ ሃያ አምስት። ከገንዳው ሩቡን ውሃ በቱቦ ስቤ በባልዲዎች አወጣሁ። የገንዳው ማጣሪያ ውሃ ስለራቀው ቆመ። አዲሱን ለመቅዳት የበርሜሉን ፓምፕና አየር መንፊያ አጠፋሁ፤ ጆጉን ነከርሁ፤ እዚያው ላይ እጄ ቆመ።

አረፋው አልጠፋም። ሌላ ጊዜ ፓምፑ ሲቆም አረፋው ወዲያው ይፈርሳል። ይኼ ግን የበርሜሉን ጠርዝ ይዞ፣ እንደ ጥሩ ጠላ አረፋ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለ አረፋ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ወንዝ ስንሻገር፣ ከላይ ሰዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ለዓሣ ማጥመጃ ጨምረው ነበር። አረፋው ወንዙን ዳርና ዳር ይዞ ወረደ፤ ከኋላው ዓሦቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተከተሉት።

ጆጉን አስቀምጬ ወደ ማጀት ሄድሁ። «እማማ፣ በርሜሌን የነካው ሰው አለ?»

«አለ እንጂ!» አሉ እማማ የሺ፣ ደስ እያላቸው። «እኔ ነኝ። ለበዓል ሁሉም ዕቃ ሲጸዳ ያንች ለብቻው ይቅር? በግራዋ አሽቼ በወይራ አጠንሁት። ከጋኑ አስበልጬ ነው ያጠብሁልሽ!»

ግራዋ ለጠላ ዕቃ ማጠቢያ የማይተካ ቅጠል ነው። ሲያሹት ግን አረፋ ያወጣል።

እትዬ ሰናይት ጸጉራቸውን ተሠርተው ወደ ሳሎን ገቡና የጎደለውን ገንዳ አዩ። «ምነው፣ እንግዶቼ መንገድ ላይ ናቸው። አፍስሽው እንጂ።»

«ይኼን ውሃ አላፈስሰውም፣ እትዬ።»

በርሜሉን ሄደው አዩ። «ጠርቷል። ሳህኑ ይታያል። መለኪያውም ሠላሳ አምስት ይላል። ይኼን ሁሉ ያስተማርሽኝ አንች አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። ግን በርሜሉ በግራዋ ታጥቧል። ውሃው መደፋት አለበት።»

እማማ የሺ ከኋላችን ደርሰው ሰሙ። ፊታቸው ጠቆረ። «ለሰው የሚሆነው ለዓሣ አይሆንም? የኔ እጅ ነው የቆሸሸው?»

እኔ ሽማግሌ ፊት ቀና ብዬ የማላወራ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ቀና አልሁ። «እማማ፣ የአንቱ እጅ ንጹሕ ነው። እኛ ውሃውን በሆዳችን ነው የምንጠጣው። ዓሣ ግን በስንጥቡ ነው የሚተነፍሰው። ብርብራ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር አይተው የለም?»

እማማ የሺ በርሜሉን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ጣታቸውን አረፋው ላይ አኖሩ። «አይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አረፋው ነው የሚቀድመው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ድፊው፣ ሰናይት። ዝምተኛዋ አፍ አውጥታ የተናገረችው ያለ ነገር አይደለም።»

እትዬ ሰናይት አንድ ጊዜ ሰዓታቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ከዚያ ራሳቸው የበርሜሉን አንድ ወገን ያዙ። አብረን ደፋነው።

ከገንዳው ያወጣሁትን አሮጌ ውሃ ገና አልጣልሁትም ነበርና መልሼ ቀዳሁት። ማጣሪያው ተነሣ። ውሃው ዓሦቹን አይጎዳም፤ ግን ትንሽ ወደ ቢጫ ይላል፤ እትዬ ሰናይት የፈለጉት ዓይነት አይደለም። የቀረን ጨው ለግማሽ በርሜል ብቻ የሚበቃ ነበር፤ በርሜል ደግሞ የለኝም፤ ፕላስቲኩ ሽታውን ጠጥቶታል። እማማ የሺ ለጠላ ድፍድፍ የገዙትን አዲስ በርሜል ከነማሸጊያው እያንከባለሉ አመጡልኝ። «ውሰጅው። ይኼን እንኳ አልነካሁትም» አሉ።

እንግዶቹ ከቀትር በኋላ ገቡ። ገንዳውን ከበው እልል አሉ። አንዷ ግን ጠጋ ብላ፣ «ሰናይት፣ ውሃው ትንሽ አልደፈረሰም? እኔ ብሆን ለበዓል እቀይረው ነበር» አለች።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። እትዬ ሰናይት ሳይዞሩ በጣታቸው አመለከቱኝ። «እኔም ልቀይር ብዬ ነበር። ባሕሬን የምትሠራው እሷ ናት፤ አይሆንም አለች።»

በበዓሉ ማግስት በአዲሱ በርሜል የበጠበጥሁት ውሃ የሳህኑን አበባ ቅጠል በቅጠል አሳየኝ። ፓምፑንና አየር መንፊያውን አጥፍቼ አረፋው እስኪፈርስ ቆጠርሁ፤ ሦስት ሳልል ጠፋ። ያን ጊዜ ቀዳሁ።

የደፋነው ውሃ ዓሦቹን ይገድል ነበር ወይ? አላውቅም። ለማወቅም አልሞከርሁም። ሁለቱም ዛሬም በሕይወት አሉ። የድሮው በርሜል የእማማ የሺ ሆኗል፤ ጥሩ ጠላ ይወጣዋል ይላሉ።

በዚህ ሥራ አምስት ዓመት ሞላኝ። አሁን ለባሕር ዳር ሁለት ቤቶችም እበጠብጣለሁ፤ ሁለት ልጃገረዶች ከእኔ ጋር ይሠራሉ። ሁለቱም ከእኔ ባልተናነሰ ዓይን አፋር ናቸው። ስለ ሙቀትና ስለ ጨው ከማስተማሬ በፊት አንድ ነገር አሠራቸዋለሁ፤ የሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ማጀት ሄደው በርሜሉን ማን እንደነካው ይጠይቃሉ። መለኪያው የሚለካው ጨውን ብቻ ነው። የቀረው በመጠየቅ ነው የሚታወቀው።