ከመፍረሱ በፊት የለካነው ቤተ ክርስቲያን

ዛሬ አያት ሰፈር አካባቢ አሮጌ የጭቃ ቤት ሲፈርስ የርጥብ ጭድ ሽታ መጣብኝና አባቴ ትዝ አለኝ።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕንፃ ንድፍ ይሠራ ነበር። እሑድ እሑድ ከከተማው በስተምሥራቅ ያሉትን አሮጌ አጥቢያዎች እየዞርን እንሳለም ነበር። አንድ እሑድ ጎሮ አቅራቢያ ያለችው ክብ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ለአዲስ ሕንፃ ሲባል በማግስቱ እንደምትፈርስ ሰማን። አባቴ አልተከራከረም። ሜትሩን አውጥቶ ጫፉን ሰጠኝና፣ "ግድግዳው ላይ አጥብቀሽ ያዢ" አለኝ።

ዓይናቸው የደከመ የደብሩ አለቃ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ።

"ልጄ፣ ለሚፈርስ ቤት ልኬት ምን ያደርግለታል?" አሉት።

"አባታችን፣ እንዴት ቆሞ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይኑር ብዬ ነው።"

ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ። "እንግዲያው በደቡብ በኩል ያለውን የሴቶቹን በር እንዳትረሳ። እናቴ ለክርስትና ያስገባችኝ በዚያ ነው።"

ዝናቡ ጣለ። እጄ በጭቃ ተለውሶ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ አባቴ የመጨረሻውን ቁጥር እስኪጽፍ ግን አልለቀቅሁም።

ንድፉ አሁን እኔ ዘንድ ነው። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። እርሳሱ መደብዘዝ ሲጀምር በቀለም ደገምሁበት።