አንድ ባትሪ ይበቃት ነበር

ትናንት ከጎናችን ባለው ሱቅ የፍሪጅ ገመድ ተቃጠለ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲወጣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሌላ ነገር አይታየኝም። የምትታየኝ ቀይዋ ትንሽ ትራክተራችን ናት፣ አፍንጫዋ ላይ ዊንች ተገጥሞላት፣ ወገቧ በሰንሰለት ከግራር ጋር ታስሮ።

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የሎሪ ሾፌር ነበር፤ ከድንበር ከተማችን ከሞያሌ ከብት ጭኖ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በዝናብ ጊዜ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቀውም። ሲመጣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ታናሽ ወንድሜ «ያ ሰውዬ መጣ» ብሎ ወደ ጓዳ የሮጠ ቀን እናቴ ሳቀች፤ አባቴ ግን አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ነው ከተዘጋ እርሻ ትራክተሯን የገዛት። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ፊቷ ላይ ዊንች ይገጥማል፤ ዊንች ማለት በባትሪ እየዞረ የብረት ገመድ የሚጠቀልል መጎተቻ ነው። ከዚያ ወደ ኦቦ መንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ጭቃ የያዛቸውን መኪናዎች እያወጣ፣ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል።

«ይቺ ከሠራች ሎሪ ላይ አልወጣም» አላት እናቴን።

«ስንት ጊዜ ነው ያልከኝ?» አለችው።

እኔ ግን አመንኩት።

ዊንቹ ከአንድ አሮጌ ፒክ አፕ የተነቀለ ነበር። የሚቀመጥበት ወፍራም ብረት ያስፈልግ ነበርና አባቴ ቀዳዳዎቹን በሲባጎ ለካ፣ ሲባጎውን ቋጥሮ ሰጠኝ፤ በኢትዮጵያ በኩል ወዳለው በያጅ ይዤ ድንበሩን ተሻገርኩ። ብረቱ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም። አባቴ በያጁን ሰደበ፣ በያጁ ሲባጎውን ሰደበ። ብረቱን ተሸክሜ ተመለስኩ። የኬላው ወታደር ባየኝ ቁጥር «ዛሬስ ምን ልትጋግሪበት ነው?» እያለ ይስቅብኛል። እኔ ደግሞ አፌ ስለማይፈታ መሬት መሬት እያየሁ አልፋለሁ። በያጁ ጋ ስደርስ መብራት ጠፍቷል። መብራቱ ሲመጣ የብየዳ ዘንግ አልቋል። ብረቱ በመጨረሻ ሲገጥም ብሎኖቹ አጠሩ። ረጅም ብሎን ሲገኝ ደግሞ የትራክተሯ ክዳን አልከፈት አለ፤ ባትሪዋ ያለው እዚያ ሥር ነው። አባቴ መፍቻውን አሽቀንጥሮ ወረወረው፤ ከዚያ ሁለታችንም አጎንብሰን በአሸዋው ውስጥ ፈለግነው።

የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ይመክራል። «ምዜ፣ ከኋላ ብትገጥመው ይሻል ነበር» ይሉታል፤ ምዜ «አባባ» እንደ ማለት ነው። «ፍየል ላይ ጭነት!» አባቴ ብሎኑን ያጠብቃል፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

የተገጠመ ቀን ገመዱን መጠቅለል ቀረ። ገመዱ ላልቶ ከተጠቀለለ ከባድ ነገር ሲስብ ወደ ውስጥ ሰርጎ ይቀረቀራል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ መሳብ አለበት። አባቴ እጆቼን በጨርቅ ጠቀለለልኝ። ገመዱን ይዤ እስከ አጥሩ ሄድኩ፣ ተረከዜን አሸዋው ውስጥ ቀበርኩ። እሱ ማብሪያውን ተጫነ። ዊንቹ እንደ ንብ ድምፅ አወጣ፤ እየጎተተ፣ እየጎተተ ወደ እሱ ወሰደኝ።

«ወደ ኋላ ተኚ! ቶሎ አትምጪ፣ ሚጡ!»

እየሳቀ ነበር። ፀሐይዋ ከጀርባው ስለነበረች ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጨርቁ ተቀዶ መዳፌ ተላጠ፤ ግን አልለቀቅኩም። እግሩ ሥር ስደርስ ማብሪያውን ለቀቀና «ይኸው፣ ጎትታ አመጣችልኝ» አለ። በዚያ ሰሞን ሁሉ የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ዝናቡ ገባ። በሦስተኛው ቀን ሰው መጥቶ ጠራን። ወደ ኦቦ መንገድ ላይ አንድ ሎሪ ተይዟል፤ ሎሪው ደግሞ አባቴ ይነዳላቸው የነበሩት የሐጂ ነው። ሐጂ ከድንበር ማዶ የመጡ የከብት ነጋዴ ናቸው። ጃንጥላ ይዘው ቆመው ነበር።

«ወንድሜ» አሉት አባቴን፣ «ይህን ካወጣህልኝ ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ። ካላወጣህልኝ ግን ወደ መሪህ ትመለሳለህ።»

«እሺ ሐጂ» አለ።

ከብቶቹን አራግፈዋል። ትራክተሯን ከግራሩ ጋር በሰንሰለት አሰርናት፣ መንጠቆውን ሎሪው ላይ አስገባን። አባቴ ማብሪያውን ተጫነ። ገመዱ ተወጠረ፣ ጭቃ አፈናጠረ፣ ሎሪው ነቅነቅ አለ። ከዚያ ስንዝር መጣ። አባቴ ዊንቹን አቆመና ባትሪው እስኪሞላ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። እንደገና ስንዝር። እንደገና ጠበቀ። ይመጣ ነበር እኮ! ጎማው ከጉድጓዱ ከንፈር ላይ ደርሶ ነበር።

ግን ከኋላ ሌሎች ሎሪዎች ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ዙሪያችንን ከበዋል።

«ፖሌ ፖሌ!» አለ አንዱ እያጨበጨበ፣ ቀስ በቀስ ማለቱ ነው። «እስከ ገና ይወጣል!»

«ምዜ፣ ከሎሪ ወርደህ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ወጣህ እንዴ?»

ሳቁ። ከዚያ አንዱ ሾፌር የራሱን ባትሪ ነቅሎ ተሸክሞ መጣ። «ሁለት አድርግላት! በአንድ ባትሪ የሚሠራ ነገር የት አየህ?»

ከተማችን የሎሪ ከተማ ነበረች። ሎሪ በሁለት ባትሪ ነው የሚነሳው፤ እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ዕድሜውን ያሳለፈው በሁለት ባትሪ ነው። አባቴም እንደዚያው። የፒክ አፕ ዊንች የአንድ ባትሪ ጉልበት ብቻ እንደሚችል ማንም አላሰበም። እኔም አላወቅኩም። እኔ የማውቀው እየመጣ መሆኑን ብቻ ነበር።

«ቀስ ትበል» አልኩ። «አባዬ፣ ቀስ ትበል፣ ሎሪው እየመጣ ነው።»

አጠገቤ የነበረ ረዳት ብቻ ሰምቶኝ ዞር ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ተመልሶ ማጨብጨቡን ቀጠለ።

አባቴ ባትሪውን አየ፣ ሰዎቹን አየ። ወሰደው። ሁለቱን እንደ ሎሪ አያይዞ ማብሪያውን ሲጫን ዊንቹ ጮኸ፤ ሎሪው እንደ ተገረፈ በሬ ብድግ አለ፣ ሰው ሁሉ «ሃያ! ሃያ! በርታ!» አለ፣ አባቴ በደስታ እጁን አነሳ። ከዚያ ያ ሽታ መጣ። ነጭ ጭስ ከዊንቹ ሥር ተነሳ፣ ገመዱ ላላ፣ ሎሪው ቀስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ተቀመጠ።

ባለባትሪው ባትሪውን ነቅሎ ሄደ። አባቴ ማብሪያውን ደጋግሞ ይጫናል፤ ምንም የለም፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብቻ። ሐጂ ጃንጥላቸውን አባቴ ላይ ዘረጉለት። ያ ጃንጥላቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው። ጭቃ የሚይዘው ሎሪ የለም፤ ሽው ብለው ያልፋሉ። ያኔ የተላጠው መዳፌም ድኗል፣ ቀጭን መስመር ብቻ ነው የቀረው።

ያኔ ሎሪው በሰው ጉልበት ከወጣ በኋላ አባቴ እንደገና መሪው ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ነበር፣ ዝናቡ አባርቶ። እናቴ ከቤት አልወጣችም። ብርድ ልብሱን ይዤለት ሄድኩ። ከላይ ሆኖ ሲቀበለኝ እጄን ያዘና ገልብጦ መዳፌን አየው። ቁስሉን እፍ እፍ አለው፣ ለሕፃን እንደሚደረገው።

«ቶሎ እመጣለሁ፣ ሚጡ» አለ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት።

ሞተሩ ተነስቶ ነበር። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አልሽ?» አለኝ። እንደገና አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳልሰማኝ ግን አውቄዋለሁ።