ለአባባ ይመር ያላነበብኩት ፍቺ

ልጅ ሳለሁ አንድ የቃል ፍቺ በአንድ ተረት የምለዋወጠው ጎረቤት ነበረኝ። አባባ ይመር ይባሉ ነበር፤ ሸዋሮቢት ውስጥ ለቲማቲም ነጋዴዎች የእንጨት ሳጥን እየሠሩ የሚተዳደሩ ሽማግሌ ነበሩ። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ቢምቢ ለማባረር የጣውላ ቁርጥራጭ ደጃቸው ላይ ያነዳሉ። ያኔ መብራት ከሚኖርበት ቀን የሚጠፋበት ይበዛ ስለነበር፣ ኩራዛችንን ይዤ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ እሾልክና፣ የባሕር ዛፉ ጭስ እያስለቀሰኝ ከፍሙ አጠገብ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን «ቦክስ» የሚለውን ቃል ከነፍቺው ጽፈን እንድንመጣ አዘዙን። ክፍል ውስጥ አፌን የማልከፍት ልጅ ነበርኩ፤ አባባ ይመር ዘንድ ግን እናገር ነበር።

«ሳጥን ማለት ነው» አልኳቸው፣ ሽፋን የሌለውን የወንድሜን መዝገበ ቃላት ገልጬ።

«በቃ? ለዚህች ነው ይሄን ጡብ የሚያህል መጽሐፍ የተሸከምሽው?»

«ሌላም አለው። እስከ ስምንት ተቆጥሯል።»

«ስምንት! ወላሂ፣ ዕድሜ ልኬን ስሠራው አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።» መዶሻቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያው በየማታው አንዱን አንብቢልኝ፣ እኔም አንድ ተረት እነግርሻለሁ። ማንም አይበደልም።»

ለቤት ሥራው ሦስቱ ፍቺ ይበቃኝ ነበር፤ ለእኛ ግን ስምንቱም አስፈለጉን። ተራው ያልደረሰውን እንዳላይ በወረቀት እሸፍነው ነበር። ቡጢ ማለትም እንደሆነ ስነግራቸው «ይሄንንማ የመናኸሪያ ልጆችም ያውቁታል» ብለው ሳቁ። ፎርም ላይ ምልክት የሚደረግባት ትንሽ አራት ማዕዘን መሆኗን ሳነብላቸው ደግሞ በፊርማ ፈንታ የሚያትሙበትን አውራ ጣታቸውን ወደ ኩራዙ አስጠግተው እያዩ «ይሄ ጣቴ ስንት ሳጥን ገብቶ ወጥቷል በይኛ!» አሉ። የፖስታ ሳጥን ለሚለው ፍቺ የነገሩኝ ተረት የጣርማ በር ተራራን ብርድ በሳጥን ቆልፎ፣ ቆላ ወርዶ አሊዩ አምባ ገበያ ስለሸጠ ነጋዴ ነበር። ገዢዎቹ ቤታቸው ወስደው ሲከፍቱት ባዶ ይሆንባቸዋል፤ እሱም «ቀስ ብላችሁ ክፈቱት አላልኳችሁም?» እያለ ይቆጣቸዋል። የነጋዴውን ቁጣ ሲያስመስሉ ሳል አቋረጣቸው። ያን ሰሞን ሳላቸው እየባሰ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ወረቀቱን አነሳሁ። «የሬሳ ሳጥን» ይላል።

«እህ፣ ዝምተኛዋ! ስምንተኛው ምን አለ?»

«አልቋል አባባ።»

«ስምንት ነው አላልሽኝም እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው። ሰባት ነው።»

ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉት። «ይሁን። እኔማ አንድ አዘጋጅቼልሽ ነበር» አሉ። እናቴ የጠራችኝ አስመስዬ ተነሣሁ። በማግስቱ ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ ቀረሁ፤ ከዚያ ደግሞ መቅረቴ ራሱ አሳፈረኝና እንደገና ቀረሁ። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ሳምንት። አንድ ዓርብ ጠዋት በነጭ ጨርቅ ተከፍነው፣ በቃሬዛ ከግቢያቸው ወጡ።

ከእናቴ ጋር ለቅሶ ስንደርስ፣ አብረዋቸው የሚኖሩት ልጃቸው እትዬ ዘይነባ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። «አባቴ በር በሩን እያየ ነው የሰነበተው» አሉኝ። «‹ሰለቸኋት መሰለኝ፤ ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ› ይል ነበር።»

እያለቀስኩ እውነቱን ነገርኳቸው። ቃሉን እንዳይሰሙት ፈርቼ እንደዋሸሁ፣ ስምንተኛው እንዳለ።

እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «የሬሳ ሳጥን? ድሮ የዚህ ሰፈር ክርስቲያን ሲሞት ሁሉ የሚሠራው እሱ አልነበር? የአያትሽንስ ማን ሠራው? አንቺ ያኔ ገና በአንቀልባ ነበርሽ።»

«ተረቱስ?» አልኳቸው።

«ለእኔ ንገረኝ ብዬው ነበር። ‹የሷ ነው› ብሎ እምቢ አለኝ።»

«አልሰለቹኝም ነበር እትዬ።»

«እኔማ አወቅሁ የኔ ልጅ። ያላወቀው እሱ ነው።»

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፤ ሰባቱን ተረቶች ጽፌ አስቀምጫቸዋለሁ። ያኔ ለእሳቸው የፈራሁ ይመስለኝ ነበር፤ ቃሉን የፈራሁት ግን እኔ ነበርኩ። እሳቸውማ ሰምተው ምናልባት ይስቁ ነበር፣ ከዚያም ተረታቸውን ይጀምሩ ነበር። ይሁንና የሚያመኝ ተረቱ መቅረቱ ብቻ አይደለም። እነዚያን ሁለት ሳምንታት በሙሉ፣ እሳቸው በር በሩን ሲያዩ፣ እኔ መጽሐፍ ታቅፌ ከአጥሩ ወዲህ ተቀምጬ ነበር፤ ሳላቸው ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።