ፎቁ ሥር ያለው ጉድጓድ

ሴቻ ሰፈር ባለው አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ጉድጓድ አለ። የቆፈረው ሸማኔው ካሱ ነው።

ፎቁ በደርግ ጊዜ ለመንገድ ሠራተኞች የተሠራ ነው፤ ጉድጓዱ ያለባት ክፍል የሲሚንቶ መጋዘን ነበረች። ደርግ ሲወድቅ ሠራተኞቹ ተበተኑ። ላይ ላዩን መምህራንና የቢሮ ሰዎች ያዙት። ካሱ ደግሞ ሚስቱን ወለቴን ይዞ ከጨንቻ ወረደና ማንም ያልፈለጋትን መጋዘን ተከራየ። ገብቶ መጀመሪያ ያደረገው ወለሉን በዲጅኖ መስበር ነው። ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ከሌለው መርገጫውን በምን ይረግጣል?

ካሱ ሰው ፊት መናገር ያፍራል። ከላይ የሚኖሩት መምህርት ወሰንየለሽ ሲያልፉ፣ "ካሱ፣ ዛሬም ተቀብረሃል?" ይሉታል። አንገቱን ደፍቶ ይስቃል፣ በቃ።

በሰማንያ ሰባት የፎቁ ኃላፊ አቶ ሀብተጊዮርጊስ መጡ። ምድር ቤቱ ሱቅ ሊሆን ነው።

"ደስ ይበልህ! ላይ በረንዳ ያለው ክፍል ደርሶሃል። ቁጭ ብለህ የዓባያን ሐይቅ ታያለህ።"

"እዚያ መቆፈር ይቻላል?" አለ ካሱ ቀስ ብሎ።

"ፎቅ ላይ? እግርህን ታች ባለው ሰው ራስ ላይ ልታንጠለጥል ነው?"

የሰማው ሁሉ ሳቀ። ካሱም አብሮ ሊስቅ ነበር፤ አልሆነለትም።

"ታዲያ ዓባያን እያየሁ ምን ልብላ?"

"ሲያነሱት የማይነሳ ሰው! ነገ ጉድጓዱ ይደፈናል!" ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ከቀን ሠራተኛና ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር መጡ። ካሱ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል።

"ውጣ!"

ካሱ መርገጫውን ረገጠ። "ጌታዬ፣ ይድፈኑት። እግሬን ግን አላወጣም።" መወርወሪያውን ወረወረ።

የቀን ሠራተኛው ጉድጓዱን አየ፣ የካሱን እግር አየ። "ከነሰውዬው ነው እንዴ የምደፍነው?" አለና ከረጢቱን ደጅ አስቀምጦ ሄደ።

"ካሱዬ፣ ለካ አፍ አለህ!" አሉ ወሰንየለሽ ከደረጃው ላይ።

"ሲርበው ይወጣል" አሉ ኃላፊው።

ወለቴ ሰማች። ቆጮና ጎመን እዚያው አቀረበችለት፤ በላና ሥራውን ቀጠለ። ማታ ዝናብ ጣለ። ከረጢቱን ያነሳው አልነበረም።

ጎረቤት ያሉት ክፍሎች ሱቅ ሆኑ። የካሱ አልሆነችም። ሲሚንቶው በሩ ላይ ድንጋይ ሆኖ ቀረ፤ ወለቴ ተቀምጣበት ጥጥ ትፈትላለች። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሊዝቱ በመጡ ቁጥር ካሱ ከጉድጓዱ ቀና ይልና፣

"ወለቴ፣ ተነሽላቸው። ይቀመጡ ጌታዬ፣ የራስዎ ነው" ይላል።