የአስተርዮው ግልቢያ

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁለት የጭነት መኪኖች በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ሲሽቀዳደሙ አየሁ። የቀደመው ነጂ በመስኮት ብቅ ብሎ ፎከረ፤ አቧራውን ለእኛ ትተውልን ሄዱ። ልራገም ስል ሳቄ መጣ። እኔም በዚሁ ሜዳ ከዚህ የባሰ ፎክሬያለሁና።

ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። የግልቢያው ወራት በገና ይጀምርና ጥምቀትን አልፎ በአስተርዮ ማርያም ያበቃል። ቦራ የምለው ግንባረ ነጭ ፈረስ ነበረኝ፤ በዚያ ዓመት በገናም በጥምቀትም ቀድሟል። የቀረኝ አስተርዮ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ነገር በእንቅልፌም አይታየኝም።

ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። የከብት በሽታ በሬዎቻችንን ጠራርጎ ወስዶ፣ ከአንኮበር ገደል አፋፍ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መሬቱ ጦም አድሯል። የምንበላው የገብስ ቆሎ ነው፤ እሱንም እናቴ በእፍኝ ትሰጠናለች። አባቴ በልጉ ሲጥል ቦራን ከአህያችን ጋር ጠምዶ ሊያርስ ቆርጧል። ፈረስን ቀንበር ማሸከም ያን ጊዜ ነውር ነበር፤ የሰማሁ ዕለት ምሳ ሳልበላ ከቤት ወጣሁ።

ሌላም ጣጣ ነበር። የአገሩ ሹም ፈረስ ሲያይ ነፍሱን አያውቅም። ጌታ «ያምራል» ያለውን ፈረስ ባለቤቱ «ይውሰዱት» ማለት አለበት፤ ወጉ ነው። በጥምቀት ዕለት ቦራን ትኩር ብሎ ሲያየው እናቴ ልብ ብላ ኖሯል።

«ልጄ፣ አስተርዮን ተወው» አለችኝ። «ፈረሱ ከሄደ በምን እናርሳለን? ዝና አይቆረጠም።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ በቁምህም ይላል፣ ስትሞትም ይላል።»

አባቴ ቆሎውን ይቆረጥም ነበር። እኔም አልሰማኋትም።

የአስተርዮ ጠዋት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነበር። ቦራ እንደ ተለቀቀ ማንም አልደረሰበትም። ሕዝቡ እልል ሲል ሹሙ ቀረብ ብሎ አንገቱን ደባበሰው።

«ይህስ ያምራል!» አለ።

የምለውን አውቀዋለሁ፤ ልለው አፌን ስከፍት አባቴ ቀንበር ተሸክሞ ሰዉን እየጣሰ መጣ። ቀንበሩን በሰው ፊት በቦራ አንገት ላይ አሳረፈው።

«አዎ ጌታዬ፣ ያምራል» አለ። «ከአህያ ጋር ጠምጄ ላርስበት ነው።»

ሹሙ እጁን ሰበሰበ።

«ከአህያ ጋር የሚጠመድ ፈረስ ለእኔ ምኔ ነው!» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሳቁ ያን ጊዜ ፈነዳ። በሦስቱም በዓል ለቀደመ ፈረሰኛ «አባ» ብሎ የክብር ስም ማውጣት ልማድ ነበርና፣ አንዱ ቀልደኛ «አባ ቀንበር!» ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው ሁሉ ተቀበለው። አባቴ ልጓሙን ይዞ ቀና ሳይል ወደ ቤት መራው። ከኋላቸው ስከተል እንባዬ ይወርድ ነበር። በአባቴ እጅግ አፈርኩበት።

በልጉ ጣለ፤ ገብሳችንን ዘራን። ከሳቁብን መካከል ቦራን ሊዋሱ የመጡም ነበሩ፤ አባቴ አልከለከላቸውም።

ዛሬም በሰፈሩ የምጠራው አባ ቀንበር ተብዬ ነው። ልጆቹ የጦር ሜዳ ስም ይመስላቸዋል። «ማንን ቢገድሉ ነው?» ይሉኛል። ማንንም አልገደልኩም። በዚያ ክፉ ቀን ለቅሶ ያልገባበት ደጅ አልነበረም፤ ከአባቴ ቤት ግን አንድም ሬሳ አልወጣም።