ዝም ያልኩበት ቅዳሜ

ሙዚየም መሄድ የልጄ ሐሳብ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤቷ ጋር ሄዳ ወዳዋለች። የድሮ እንግሊዞች የድሃ ልጆችን እንዴት ያስተምሩ እንደነበር የሚያሳይ፣ ሃክኒ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ያለ አሮጌ ሕንፃ ነው። እኔ በነፃ ካልሆነ አልሄድም አልኩ። በነፃ ነው አለች።

ከምንኖርበት ከኬኒንግተን አውቶቡስ ይዘን ሄድን። መንገድ ላይ እጄን ያዘችና፣ «አባዬ፣ ዛሬ ከማንም ጋር እንዳትጨቃጨቅ። ፕሊስ፣ ፕሮሚስ አድርግ» አለችኝ። ከሰፈሩ ካውንስል ሹሞች ጋር፣ ከሾፌር ጋር፣ ከራሷ አስተማሪ ጋር ስጨቃጨቅ አይታለች።

ሚስቴ ትንሹን ልጃችንን ታቅፋ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «እሱ ዝም ካለ ጧፍ አበራለሁ» አለች።

ቃል ገባሁ።

ሙዚየሙ ውስጥ አንዱ ክፍል እንደ ድሮው ተሰናድቷል፤ ጠባብ ዴስክ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ ራስ ላይ የሚደፋ ሹል የወረቀት ቆብ። ጎብኚው ተማሪ ይሆናል። ጥቁር ረጅም ቀሚስ የለበሰች ተዋናይ አርጩሜ ይዛ አስተማሪ ትሆናለች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። የምነግራቸው ተረት ስለሌለኝ ለልጆቼ ይህንኑ ነው የምደጋግምላቸው። ዴስክ ላይ ቁጭ በል የተባልኩት አርባዬን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ እሱም ለጨዋታ። ጉልበቴ አልገባ ስላለ በጎን ተቀመጥኩ።

ሴትዮዋ የሁላችንንም እጅ መረመረች። የእኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። የምሠራው አውቶቡስ ጋራዥ ነው፤ ጥፍር ስር የገባ ግራሶ በሳሙና አይለቅም።

«ቆሻሻ ልጅ!» አለች። ሰው ሳቀ። ልጄ ዞራ አየችኝ። ዝም አልኩ።

«እስቲ ሰሌዳው ላይ ያለውን አንብብ።»

ያኔ እንግሊዝኛው ገና አልተፈታልኝም። አንዱን ቃል አነበብኩ፤ ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። ሴትዮዋ ሆን ብዬ የማላግጥ መስሏት ደስ አላት። ቆቡን ራሴ ላይ ደፍታ ጥግ አቆመችኝ። አንድ ፈረንጅ ፎቶ አነሳኝ። ሚስቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትስቃለች። ትንሹ ልጄ አጨበጨበ። ቃል ገብቻለሁና ግድግዳውን አየሁ። ቀለሙ ተልጧል።

«አውልቂለት!» የሚል ጩኸት ከኋላዬ ሰማሁ።

ዞር ስል ልጄ ዴስኳ ላይ ቆማለች።

«ደደብ አይደለም! ማንበብ የተማረው ትልቅ ሰው ሆኖ ነው። ማንም ሳይመታው፣ ራሱ ፈልጎ!»

«የኔ ቆንጆ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለች ሴትዮዋ። ድምጿ ድንገት የደህና ሰው ድምፅ ሆነ።

«ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። አውልቂለት።»

አወለቀችልኝ። ይቅርታም ጠየቀች፤ እኔን ሳይሆን ልጅቷን።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አትጨቃጨቅ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አልኳት።

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

ጫማዋን አየች። «ዝም ስትል እውነት መሰለ» አለች። «ሁለተኛ ዝም እንዳትል።»

«በቃ፣ ዕድሜ ልክ ፈረድሽብን» አለች ሚስቴ ከኋላ ወንበር።

ከዚያ ወዲህ የልጄን ትእዛዝ አፍርሼ አላውቅም።